ለመጀመሪያ ጊዜ የጨዋታ ኮምፒዩተር የሚገጣጥም የአሶሳ ወጣት ምን ይምረጥ?

በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



የስብሰባው አዘጋጆች ርእስ እንድመርጥ በጠየቁኝ ጊዜ ስለ ገጠር ውኃ መስመር ወይም ስለ መለስተኛ ድልድይ እንደምናገር ገምተው ነበር። ንግግሬ ስለ ጨዋታ ኮምፒዩተር መሆኑን ስነግራቸው ከመካከላቸው አንዱ ሳቀ። ሳቁ አላስቀየመኝም፤ እኔም የእኅቴ ልጅ ይህንኑ ጉዳይ ይዞ በመጣብኝ ቀን ስቄ ነበርና።

ልጁ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ያጠናቀቀ ነው። ሁለት ክረምት ስልክ እየጠገነ፣ በማንጎ ወቅትም ከአያቱ ጓሮ እየለቀመ እየሸጠ 60 ሺህ ብር አጠራቅሟል። እናቱ ገንዘቡ ጥጃ ይገዛበት ባይ ነበረች። እርሱ ግን ወረቀት ዘርግቶ፣ «ጋሼ፣ ይህን እይልኝ» አለኝ። በወረቀቱ ራስ ላይ በልዩ ልዩ ቀለም የሚበራ ባለ መስታወት ኬዝ ተጽፏል፤ ቀጥሎ ትልቅ ግራፊክስ ካርድ፤ ቀጥሎ ሁለት ሞኒተር። ከሁሉ በታች፣ በጠባብ ቦታ፣ «ፓወር ሰፕላይ፣ የተገኘው» ይላል። ሳቄን ያቋረጠችው ይህች የመጨረሻ መስመር ናት።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። በ2009 ዓ.ም. እኔም የመጀመሪያ ኮምፒዩተሬን ከአዲስ አበባ ገዝቼ ወደ አሶሳ አመጣሁ። ሻጩ 500 ዋት የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ፓወር ሰፕላይ ሰጠኝ። በእጄ ስይዘው እንደ ባዶ ቆርቆሮ ቀለለኝ፤ መሐንዲስ ነኝና መጠርጠር ይገባኝ ነበር፤ ርካሽነቱ ግን አፌን ዘጋው። በዚያው ክረምት አንድ ምሽት መብራት ጠፋ፤ ተመለሰ፤ ወዲያው ደግሞ ጠፍቶ ተመለሰ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ሲነጋ ማዘርቦርዱም ዲስኩም አልነበሩም። በዲስኩ ውስጥ ለአንድ ቀበሌ የውኃ መስመር የሠራሁት የስድስት ወር ንድፍና ስሌት ነበር፤ ቅጂ አላስቀረሁም። ሥራውን እንደገና እስክጨርስ ድረስ የበጀት ዓመቱ አለፈ፤ የቀበሌው እናቶችም ተከታዩን በጋ ከወንዝ ሲቀዱ አሳለፉ። ይህን በስብሰባ ላይ ስናገር የዛሬው የመጀመሪያዬ ነው።

እንግዲህ ምርጫውን የጀመርነው ከወረቀቱ ግርጌ ነው። በክልላችን በጉባ የተገነባው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ የማመንጨት አቅሙም ከ5,000 ሜጋ ዋት በላይ ነው። ይሁን እንጂ በወንዙ ዳር የሚመነጨው ኃይልና በአንድ ወጣት መኝታ ቤት ሶኬት ላይ የሚገኘው ቮልቴጅ የተለያዩ ጉዳዮች መሆናቸውን ለእናንተ ማስረዳት አያሻኝም። በመካከላቸው ትራንስፎርመር አለ፤ ምሰሶ አለ፤ የላላ ሽቦና የክረምት መብረቅ አለ። 220 መሆን በሚገባው መስመር ላይ በራሴ መለኪያ አመሻሹን 180፣ እኩለ ሌሊት ላይ ደግሞ ከ240 በላይ ያነበብሁበት ቀን አለ።

ደኅና ፓወር ሰፕላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት ድረስ ተቀብሎ ይሠራልና የቮልቴጅ ማነስ ብቻውን ብዙ አያሳስብም። የሚያሰጋው መብራቱ ሲመለስ የሚመጣው ድንገተኛ ግፊት ነው። ስለዚህ በታወቀ አምራች የተሠራ፣ «80 ፕላስ» የሚል የብቃት ምልክት ያለው፣ ከ450 እስከ 550 ዋት የሚደርስ ፓወር ሰፕላይ እንዲሆን ወሰንን። ከእርሱ ፊት ዩፒኤስ ይቆማል። ብዙ ሰው በዚህ ፋንታ ጠቅ ጠቅ የሚል ርካሽ ስታቢላይዘር ይገዛል፤ እርሱ ግን መብራት ሲቋረጥ ኮምፒዩተሩን ለአፍታ እንኳ ሊያቆየው አይችልም። ቮልቴጅ የሚያስተካክል ዩፒኤስ ሁለቱንም ተግባር ይፈጽማል።

ልጁ የዩፒኤሱን ዋጋ ሰምቶ ፊቱ ጠቆረ፤ የባለ መስታወቱ ኬዝ ገንዘብ የሄደው ወደዚያ ነውና። በምትኩ ከፊትም ከኋላም አየር የሚያሳልፍ ተራ ኬዝ መረጥን። በዚህ ላይ አንድ የሙያ ነገር ልጨምር። አሶሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር አልፋ የምትገኝ በመሆኗ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር ወደ 15 በመቶ ያህል ይሳሳል፤ በዚያው ልክም ማራገቢያው የሚያነሣው ሙቀት ያንሳል። መጋቢትና ሚያዝያ ምን ያህል እንደሚሞቁ ደግሞ ታውቃላችሁ። ፊቱን በመስታወት የደፈኑት ኬዝ ለእንዲህ ያለ አገር አይሆንም።

ቀጥሎ የመጣው ዋናው ክርክር ነው። በአንድ ወገን ከውጭ ቢሮዎች ወጥቶ መርካቶ የሚሸጥ ያገለገለ ኮምፒዩተር አለ፤ ዋጋው ይቀላል፤ በላዩ ግራፊክስ ካርድ ቢጨመርበት ጨዋታ ያጫውታል። በሌላው ወገን አዲስ ዕቃ ገዝቶ መገጣጠም አለ። ያገለገለውን በችኮላ የሚንቅ ሰው ተሳስቷል፤ ብዙ የቢሮ ሥራ ዛሬ በእርሱ ይሠራል። ግን ሁለት ነገር አየን። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ከስምንተኛው ትውልድ በፊት የተሠሩት የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ከጥቂቶቹ በስተቀር ለዊንዶውስ 11 በይፋ ብቁ አይደሉም፤ በርካሽ የሚገኙትም በአብዛኛው እነዚሁ ናቸው። ሁለተኛው ይበልጥ ይከብዳል። የእነዚህ ማሽኖች ፓወር ሰፕላይና ማዘርቦርድ ብዙውን ጊዜ አምራቹ ለራሱ ብቻ በቀረጸው መጠን የተሠሩ ናቸው፤ አንዱ ሲቃጠል ከሌላ ሱቅ በተገዛ አይተካም። ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ለሚኖር ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ስለዚህ ወደ አዲሱ አዘነበልን፤ የግራፊክስ ካርዱን ግን አስቀረነው። የተመረጠው ፕሮሰሰር ራይዘን 5 5600ጂ ነው። ስድስት ኮር አለው፤ የሥዕል ክፍሉ በውስጡ ተሠርቶለታል፤ ማቀዝቀዣው በካርቶኑ ውስጥ አብሮ ይመጣል። በመጠነኛ የሥዕል ጥራት የእግር ኳስ ጨዋታውንም፣ ጂቲኤ 5ንም፣ ቫሎራንትንም ያጫውታል። በስም የሚመሳሰለው፣ «ጂ» የሌለው 5600 ግን ያለ ግራፊክስ ካርድ ምንም ምስል አያሳይም፤ በአንዲት ፊደል የተሳሳተ ገዢ ጨለማ ሞኒተር ፊት ይቀመጣል።

ራሙን በሚመለከት፣ አንድ ባለ 16 ጊጋ ባይት ከመግዛት ሁለት ባለ 8 መግዛት ይሻላል። በውስጡ ያለው የሥዕል ክፍል የራሱ ማኅደር ስለሌለው ከራሙ ይበደራል፤ መንገዱ ሁለት ሲሆን ጨዋታው በግልጽ ይፈጥናል። ዋጋውን አልሸሽግም፤ በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት በሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት ፍላጎት የተነሣ ራም በዓለም ገበያ ክፉኛ ተወደደ። የብሩ ምንዛሪ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዶላር ከ57 ብር ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት 100 ማለፉን ደግሞ ሁላችንም በየኪሳችን አይተነዋል። የልጁ 60 ሺህ ብር መጀመሪያ ማጠራቀም በጀመረበት ዓመት ሌላ ገንዘብ ነበር።

አሁን ወደ ሁለቱ ሞኒተሮች ልምጣ፤ ሁለተኛው ሞኒተር ጨዋታውን በእጥፍ ያዘገያል የሚል ወሬ በከተማችን አለና። እውነት አይደለም። ኮምፒዩተሩ የሚደክመው ጨዋታውን በሚሥልባቸው ነጥቦች ብዛት ነው፤ 1,920 በ1,080 ቢባዛ ከሁለት ሚሊዮን ጥቂት ይበልጣል። ጨዋታው በአንዱ ላይ ብቻ ሲከፈት ሁለተኛው ቆሞ የሚታይ ጽሑፍ ብቻ ይይዛልና ሸክሙ ከቁጥር አይገባም። ስለዚህ ገንዘቡን ለአንደኛው፣ ለባለ 24 ኢንቹ አዋልን። ሁለተኛው ከአንድ ቢሮ የወጣ አሮጌ ባለ 19 ኢንች ነው፤ ቪጂኤ ብቻ የሚቀበል። ማዘርቦርዱን ስንመርጥ ጀርባውን ማየት ያስፈለገን ለዚህ ነው፤ ኤችዲኤምአይም ቪጂኤም ያለውን መረጥን፤ መለወጫ መግዛት ቀረልን።

የኃይሉን ስሌት ልጁ ራሱ እንዲሠራ አደረግሁ። ሣጥኑ በጨዋታ ጊዜ 120 ዋት ቢወስድ፣ ሞኒተሮቹ በያንዳንዳቸው 25፣ ድምሩ 170 ነው። 650 ቪኤ የተጻፈበት ዩፒኤስ በተግባር 360 ዋት ያህል ይሰጣልና ይበቃል። ወደፊት እንደ አርኤክስ 6600 ያለ ካርድ ቢጨመር 132 ዋት ይታከላል፤ ድምሩ 300 ያልፍና መጠባበቂያው ይጠባል። «እንግዲያው አሁኑኑ ባለ 1,000 ብንገዛስ?» አለኝ። ያን ጊዜ ነበር ልጁ የእኛን ሙያ ይችለዋል ያልሁት።

ዕቃው ተገጣጥሞ ከሱቁ ሳይወጣ እንዲበራ አጥብቄ ነግሬው ነበር፤ ማዘርቦርዱ መጋዘን የቆየ ከሆነ የውስጥ ፕሮግራሙ ሳይታደስ ፕሮሰሰሩን ላያውቀው ይችላል። አልበራም። በሱቁ ግማሽ ሰዓት ውስጥ አደሱለት፤ አሶሳ ደርሶ ቢሆን ኖሮ የሁለት ቀን መንገድ ነበር። በነቀምትና በመንዲ በኩል በአውቶቡስ ሲመጣ ሞኒተሩን በጉልበቱ ላይ ይዞ እንደ መጣ እናቱ ነግራኛለች።

ዛሬ ኮምፒዩተሩ በእኅቴ ቤት ነው። በትልቁ ሞኒተር ኳስ ይጫወታል፤ በአሮጌው ላይ የፕሮግራም ትምህርት ከፍቶ ያስቀምጣል፤ የትኛውን ይበልጥ እንደሚያይ አልጠየቅሁትም። የእኔ የውኃ መስመር ንድፎች ቅጂም በእርሱ ዲስክ ላይ አለ። ግራፊክስ ካርዱን ለሚመጣው የማንጎ ወቅት አሳድረነዋል። ጥያቄ ያለው አባል ቢኖር የዕቃዎቹን ዝርዝር ይዤአለሁና ላሳየው እችላለሁ።