የአራሲቱ ቤትና የስልክ ሞገድ



በጎንደር ደጋ አንዲት እናት በሰላም ስትገላገል እልል ይባላል፤ ገንፎ ይገነፋል፤ ጎረቤትም «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ይገባል። ምጡ ሲያልፍ አደጋውም አብሮ ያለፈ ይመስላል። ዳሩ ግን የደም መፍሰስ እናትን የሚገድለው በአብዛኛው ከወሊድ በኋላ ባሉት 24 ሰዓታት ውስጥ ነው፤ የማሕፀን ኢንፌክሽንና የደም ግፊት መዘዝም በቀጣዮቹ ቀናት ይመጣሉ። የዓለም ጤና ድርጅት አራስ በመጀመሪያው ቀን፣ በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን፣ በ2ኛው ሳምንትና በ6ኛው ሳምንት እንድትታይ የሚመክረው ስለዚህ ነው። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በወለዱ በ2 ቀን ውስጥ የታዩት እናቶች ከመቶ 17 ብቻ ነበሩ፤ በ2011 ዓ.ም. 34 ደርሰዋል። እጥፍ መሆኑ ያስደስታል፤ የቀሩትን 66 ግን ያያቸው አልነበረም።

ጎንደር ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለችም። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተውና ለዛሬው ዩኒቨርሲቲ መሠረት የሆነው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችንና የኅብረተሰብ ነርሶችን ለገጠር ያሠለጠነ ነው። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ተመድበዋል። እንግዲህ ከሠራተኛው ይልቅ የጎደለው ወሬው ነው፤ ይኸውም ማን፣ መቼ፣ በየትኛው መንደር እንደ ወለደች በጊዜው አለመሰማቱ ነው።

የእጅ ስልክ ሊረዳ የሚችለው እዚህ ላይ ነው። መሐንዲስ ግን ስለ መሣሪያው ከማሰቡ አስቀድሞ መሬቱን ማየት ይገባዋል። ከጎንደር ከተማ በዳባት በኩል 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደባርቅ የደረሰ፣ ከዚያም ወደ ጃናሞራና ወደ በየዳ የዘለቀ ሰው የስሜንን ገደል ያውቀዋል። የስልክ ሞገድ እንደ ዓይን ነው፤ ተራራ ከጋረደው ማዶውን አያገኝም። ምሰሶው በአምባው ላይ ቢተከል ከገደሉ ሥር ያለው መንደር በጥላ ውስጥ ይቀራል። የመንደሩ ሰው ለመደወል ወደ ታወቀ ጉብታ ይወጣል፤ ትናንት የወለደች ሴት ግን ጉብታ አትወጣም።

ስልኩም ቢሆን ብዙ ጊዜ የባል ነው፤ በገበያ ቀን ከርሱ ጋር ገበያ ይውላል። ለሚስቱ የተላከውን ምክር በኪሱ ይዞ የሚዞር አባወራ ቢኖር አያስደንቅም። ደግሞም በላቲን 160 ፊደል የሚይዘው አጭር መልእክት በግዕዝ ፊደል 70 ብቻ ይይዛል፤ አንዱ ፊደል በ7 ቢት ፈንታ 16 ቢት ይወስዳልና። ይህ እንደሚፈራው አይከፋም። ፊደሉ ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ ስለሚሸከም «ብዙ ደም ከፈሰሰሽ፣ ራስሽን አጥብቆ ካመመሽ፣ ትኩሳት ካለሽ ፈጥነሽ ጤና ጣቢያ ሂጂ።» የሚለው ማስጠንቀቂያ ክፍት ቦታው ሳይቀር በ53 ያልቃል። ማንበብ ላልተማረች እናት ግን 53ም 70ም አንድ ነው፤ ለርሷ የሚበጀው ድምፅ ነው።

በኢንተርኔት ብቻ የሚሠራ ፕሮግራምም አያስተማምንም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ግጭቱ ሲበረታ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆይቷል። ልጅ መውለድ ግን አልተቋረጠም።

ስለዚህ ስልኩ በአራሲቱ እጅ እንዲሆን ከመመኘት ይልቅ በኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እጅ ማጽናት ይሻላል። እናትየዋ ከጤና ጣቢያ ስትሰናበት አዋላጇ ለቀበሌዋ ሠራተኛ ደውላ የመንደሩን ስምና የወለደችበትን ቀን ትነግራታለች፤ በቤት ለወለደችውም ጎረቤት ወሬውን ያደርሳል። የጉብኝቱ ቀን መዝገብ በስልኩ ውስጥ ያለ ኔትወርክ ይቀመጣል፤ ሠራተኛዋ ጉብታው ላይ ስትደርስ ራሱ ይተላለፋል። የ3ኛው ቀን ጉብኝት ሳይመዘገብ ካለፈ ጤና ጣቢያው ይደውላል፤ እርሷ ባትገኝ ሌላ ሰው ይላካል። ይህ ሁሉ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም።

የሚቀረው የባትሪው ነገር ነው። መብራት ባልገባበት ቀበሌ ስልኩ የሚሞላው በፀሐይ ሰሌዳ ነው፤ ስሜን ደግሞ ክረምቱን በጉም ተሸፍኖ ይከርማል። የሰሌዳው ስፋት በጥር ፀሐይ ከተሰላ በሐምሌ ስልኩ ይጠፋል፤ ስለዚህ ስሌቱ ከሐምሌ ይጀመር።