ጥንብ አንሳው ከዝግባው ላይ ለምን ጠፋ?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተደረገ ንግግር ነው። ያልተገኙ አባሎች እንዲያነቡት እንዳለ ተለጥፏል።)



ዛሬ የምንናገረው ስለ መዋጮ አይደለም፤ የቦኖ ውሃውም ጉዳይ ለሌላ ቀን ቆይቷል። የምንናገረው ስለ ዱር እንስሳት ነው። «እኛ የከተማ ሰዎች ነን፤ ከዱር እንስሳ ጋር ምን አገናኘን?» የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን። እኛም እስከ አምና ድረስ እንደዚሁ እንል ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምና በክረምቱ መግቢያ ባለቤት የሌላቸው ውሾች በዝተው አንድ ልጅ ነከሱ። ልጁ መርፌውን በጊዜ ስለ ጀመረ፣ እግዜር ይመስገን፣ ደህና ነው። በዚያው ሰሞን ጅብ የሁለት ጐረቤቶቻችንን በጎች በላ። ሰው ተቆጣ፤ መቆጣቱም እውነት ነበረው። ታዲያ በችኮላ ተሰበሰብንና «መርዝ ይጣል» ተባለ። ለሰብል ተባይ የሚረጨው መርዝ ተገዛ፤ በሥጋ ተደርጎ ማታ በወንዙ ዳርና በቆሻሻ መጣያው ተበተነ። ይኸንን ያደረገ ሌላ ሰው አይደለም። ወጪውን የፈረምነው እኛው የማኅበሩ ኃላፊዎች ነን።

በማግሥቱ ጧት የሞቱትን ሰብስበን የቀበርነውም እኛው ነን። 14 ውሾች ሞተዋል፤ ከእነሱም 4ቱ የሰው ቤት ጠባቂዎች ነበሩ። 1 ጅብና 2 ድመቶችም ነበሩ። ከትልቁ ዝግባ ሥር ደግሞ 23 ጥንብ አንሳ ቆጠርን። ጥንብ አንሳው ማንን ነከሰ? የማንን በግ በላ? አንድ አዛውንት አጠገባችን ቆመው «ጠራጊዎቻችሁን ገደላችሁ» አሉን። ያን ጊዜ ነገሩ በደንብ አልገባንም ነበር። ቆይቶ ገባን።

ጥንብ አንሳ ምግቡን የሚፈልገው በዓይኑ ነው። አንዱ ሲወርድ ሌላው ከሩቅ አይቶ ይከተለዋል። ስለዚህ በአንድ የተመረዘ በድን ላይ ብዙው ባንድ ጊዜ ያልቃል። የሚጥለው እንቁላል ደግሞ በአብዛኛው በዓመት አንድ ብቻ ስለሆነ በአንድ ሌሊት የጠፋው በብዙ ዓመት አይተካም። እንዲህ ያለው ጥፋት የእኛ ሰፈር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 ዓ.ም. አራት የአፍሪካ ጥንብ አንሳ ዝርያዎች ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት እንስሳት መዝገብ ገብተዋል። ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ ይኸው መርዝ ነው።

ከመርዙ በኋላ ምን ተገኘ? ለሁለት ወር ያህል ውሻ ቀነሰ። ከዚያ በኋላ ከሌላ ሰፈር አዳዲስ ውሾች መጡ፤ መብሉ ባለበት ነውና ቦታው ባዶ አይቀርም። በጥቅምት ወር በወንዙ ዳር የሞተች አህያ፣ ዱሮ ቢሆን በአንድ ቀን አጥንቷ ብቻ የሚቀረው፣ ሰባት ቀን ሙሉ ሸተተች። ልጆቻችን በዚያ ነው የሚያልፉት፤ ውሃውም ወደ ታች ሰፈር ይወርዳል። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት ይኸ ነው።

በሕንድ አገር የሆነውን ብናይ ደግሞ ይበልጥ ያስደነግጣል። እዚያ በሚሊዮን የሚቆጠር ጥንብ አንሳ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሦስት ዝርያዎች ከመቶ 95 በላይ አለቁ። ምክንያቱ ዳይክሎፌናክ የሚባለው የሕመም ማስታገሻ ሆኖ ተገኘ፤ እኛም ከመድኃኒት ቤት የምንገዛው ነው። ለከብት ይሰጥ ነበርና የታከመው ከብት ሲሞት በድኑን የበላው ጥንብ አንሳ ኩላሊቱ ተበላሽቶ ይሞታል። መድኃኒቱ ለከብት እንዳይሰጥ እ.ኤ.አ. በ2006 ዓ.ም. ተከለከለ፤ ግን ጉዳቱ ደርሷል። በድኑ መሬት ላይ በሰበሰ፣ ውሻ በዛ፣ የእብድ ውሻ በሽታም ተስፋፋ። እ.ኤ.አ. በ2024 ዓ.ም. የወጣ ጥናት እንደገመተው፣ ከ2000 እስከ 2005 ባሉት ዓመታት በዚህ ምክንያት በየዓመቱ 100 ሺህ ያህል ተጨማሪ ሰው ሞቷል። አሞራው ሲሄድ ሰው ተከተለ ማለት ነው።

የጅብም ነገር እንዲሁ ነው። በግ የተበላበት ሰው ጅብን ይውደድ አንልም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2021 ዓ.ም. በመቀሌ ከተማ ላይ የወጣ ጥናት እንደገመተው፣ በአካባቢው ያሉት ጅቦች በዓመት 207 ቶን የሚሆን የእንስሳት በድን ያነሳሉ፤ በዚህም አባ ሰንጋና የከብት ሳንባ ነቀርሳ ወደ ሰውና ወደ ከብት እንዳይዛመት ይረዳሉ። ሐረሮች በግንባቸው ለጅብ መግቢያ ቀዳዳ ትተው ስንት ዘመን አብረው ኖረዋል። ሞኝ ሆነው አይደለም።

ምሁራን «ብዝኃ ሕይወት» የሚሉት ይኸንኑ ነው። ዛፉ፣ አሞራው፣ ጅቡ፣ ሣሩ፣ እያንዳንዱ እንደ ቤት ማገር ነው። አንዱን ስትነቅል ቤቱ ያኔውኑ አይወድቅም፤ ማዝመሙን የምታየው ዝናብ ሲመጣ ነው።

«ታዲያ ውሻው ልጆቻችንን ይንከስ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። አይንከስ! መፍትሔው ግን መርዝ ሳይሆን ክትባት ነው። ክትባቱ ለሰውም ለዱር እንስሳም ይጠቅማል። ከአገራችን በስተቀር በዓለም የማይገኘው ቀይ ቀበሮ፣ የቀረው ከ500 ያህል የማይበልጥ ሆኖ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ዓ.ም. በባሌ ተራሮች ከገበሬ ውሾች በተጋባበት የእብድ ውሻ በሽታ ብዙ አልቆበታል። ስለዚህ እዚያ ቀበሮውን ለማዳን የሰፈሩ ውሻም ይከተባል።

እንግዲህ ለአባሎች ውሳኔ የምናቀርበው የሚከተለው ነው፤

1ኛ/ በሰፈራችን ውስጥ መርዝ መጣል ፈጽሞ እንዲቀር፤ ከማኅበሩ ገንዘብም ለዚህ አንድ ሳንቲም እንዳይወጣ።

2ኛ/ ውሻ ያለው ሁሉ በየዓመቱ እንዲያስከትብ፣ ቀን እንዲያስር፣ ቡችላም ወደ መንገድ እንዳይጥል።

3ኛ/ በግ ያለው በረቱን በድንጋይ ወይም በጠንካራ አጥር እንዲያጠብቅ። አቅም ለሌላቸው እናቶች በዘመቻ እንሠራለን።

4ኛ/ የእርድ ትርፍና ጥራጊ በየደጃፉ እንዳይጣል። ጅብም ውሻም ወደ ደጃችን የሚመጣው እኛው ጠርተነው ነው።

5ኛ/ በድንገት የሞተ ከብት አባ ሰንጋ ሊሆን ስለሚችል ሳይገፈፍና ሳይበለት ለእንስሳት ሐኪም እንዲነገር። መድኃኒት ተሰጥቶት የሞተም ተጥሎ እንዳይቀር፣ በጥልቅ እንዲቀበር።

6ኛ/ ትልቁ ዝግባና በወንዙ ዳር ያሉት የአገር ዛፎች እንዳይቆረጡ። አሞራው ቢመለስ የሚያርፍበት ይፈልጋል።

በውሻ የተነከሰ ሰው ቢኖር ቁስሉን ወዲያውኑ በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል አጥቦ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ይኸ ለነገ የሚባል ነገር አይደለም።

ወገኖቻችን፣ ዘንድሮም ክረምቱ ሳይገባ «እንደ አምናው መርዝ ይገዛ» የሚል ማመልከቻ 31 ሰዎች ፈርመው አቅርበውልናል። ከፈረሙት መካከል በጉን የተበላበት ሰው አለ፤ የተነከሰው ልጅ አባትም አለ። አንወቅሳቸውም። አምና በእነሱ ቦታ ሆነን የፈረምን እኛው ነን። ነገር ግን አምና አላወቅንም፤ ዘንድሮ ግን አውቀናል። አውቆ ማጥፋት ደግሞ ይቅርታ የለውም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይባልብን ሁላችሁም የፊታችን እሑድ ከጧቱ 3 ሰዓት በማኅበሩ አዳራሽ ተገኝታችሁ ድምፅ እንድትሰጡ በጥብቅ እናሳስባለን። ባለፈው ሳምንት ሦስት ጥንብ አንሳዎች ከዝግባው በላይ ሲዞሩ ታይተዋል። ገና አላረፉም።



የማኅበሩ ጸሐፊ