በማን ሰዓት?
በምሩቃን ዳግም መገናኛ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር



አዘጋጅ ኮሚቴው «ሐኪም ነሽና ስለ ጤና ተናገሪ» ብሎኝ ነበር። ከምሳ በፊት ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት ባነሳ የምትቀየሙኝ መሰለኝ። ስለዚህ ስለ ሰዓት ልናገር ነው። ጤናም ውስጡ አለ።

የማኅበራችንን የኢንተርኔት ስብሰባ ታስታውሳላችሁ። በአዲስ አበባ ከምሽቱ 3 ሰዓት ብለን ቀጠርን። ዋሽንግተን ያላችሁት እንደለመዳችሁት በእናንተ 2 ሰዓት ከቀትር በኋላ ገባችሁ፤ እኛ ግን ስብሰባውን ጨርሰን ልንሰነባበት ነበር። ኖቬምበር ገብቶ አሜሪካ ሰዓቷን አንድ ሰዓት ወደኋላ መልሳለች። 7 የነበረው ልዩነት 8 ሆኗል። ማንም አላጠፋም፤ ግን አንዳችን ሌላችንን «ሐበሻና ቀጠሮ!» ብለን ተማማን። በስብሰባ ሲሆን ያስቃል። በሕክምና ሲሆን ግን አያስቅም።

ከተመረቅሁ በኋላ መጀመሪያ በተመደብኩበት ሆስፒታል የሆነ ነገር ልንገራችሁ። ሆስፒታሉን አልጠራም፤ ስህተቱ የእኔ ነበር። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ከጤና ጣቢያ አንድ አራስ ሕፃን ሪፈር ተደርጎ መጣ። ዓይኑና ፊቱ ቢጫ ብሏል። ወረቀቱ ላይ የትናንቱ ቀን ተጽፎ «የተወለደበት ሰዓት 3:00» ይላል። እኛ ቻርት የምንጽፈው በፈረንጅ ሰዓት ነው። ስለዚህ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተወለደ ብዬ አሰብኩና ዕድሜውን 26 ሰዓት አልኩ። ሁለተኛ ቀኑን የያዘ ሕፃን ትንሽ ቢጫ ቢል ብዙ ጊዜ የሚያልፍ ነገር ነው፤ ጠዋት ራውንድ ላይ እናየዋለን ብዬ ልጽፍ ብዕሬን አነሳሁ።

አያትየው አጠገቤ ቆመዋል። ዝም ብዬ ለወሬ ያህል «እማማ፣ ሌሊት ምጡ አላስቸገራችሁም?» አልኳቸው።

«የምን ሌሊት ነው የኔ ልጅ? ፀሐይ ወጥታ፣ ከቤት ይዤ የሄድኩትን ቡና አዋላጇንም አጠጥቼ ነው እኮ የተወለደው!»

3:00 የተባለው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነበር። የሕፃኑ ዕድሜ 26 ሳይሆን 20 ሰዓት ነው። እዚህ ያላችሁ የሕፃናት ሐኪሞች ወዲያው ገብቷችኋል፤ ለሌሎቻችሁ ልንገር። ከተወለደ 24 ሰዓት ሳይሞላው የሚታይ ቢጫነት ሌላ እስኪረጋገጥ ድረስ በሽታ ነው ተብሎ ይያዛል። የቢሊሩቢን መጠን አደገኛ መሆን አለመሆኑ የሚለካውም በቀን ሳይሆን በሰዓት በተቆጠረ ዕድሜ ነው። ደም ላክን፤ የእናቲቱና የልጁ ደም አልተስማማም። በዚያው ሰዓት ከፎቶቴራፒው ብርሃን ሥር ገባ። በአምስተኛው ቀን አያትየው አዝለውት ወጡ።

ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ስህተት አልነበረም። የጎደለው «በማን ሰዓት?» የሚለው ነው። ከዚያ ወዲህ ይህ ጥያቄ አልለቀቀኝም። ቆይቼ የሕሙማንን መዝገብ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር በማዛወር ሥራ ላይ ስሳተፍ፣ ኮምፒውተሩም ያንኑ ጥያቄ ይጠይቃል።

ኮምፒውተር ሰዓትን የሚይዘው ዩቲሲ በሚባለው የዓለም የጋራ ሰዓት ነው። ለእኛ ሲያሳየን አዲስ አበባ ከሆነ 3 ሰዓት ይደምራል፣ ሌላ አገር ከሆነ ሌላ። ስንት እንደሚደምር ከየት ያውቃል? ከአንድ መዝገብ። የዓለም አገሮች ሰዓታቸውን መቼ እንደለወጡ፣ መቼ ወደፊት ገፍተው መቼ ወደኋላ እንደመለሱ በየከተማው ስም የተጻፈበት መዝገብ ነው። የታይም ዞን ዳታቤዝ ይባላል። በኪሳችሁ ያለው ስልክ ውስጥም አለ።

ይህን መዝገብ ማን ጀመረው ብትሉ፣ እንደ ሐኪም ደስ ያለኝ ነገር አለ። አርተር ዴቪድ ኦልሰን የሚባል ሰው በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ውስጥ ሲሠራ፣ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው የጀመረው። ዛሬ የሚያስተባብሩት በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሳይንስ ሰው የሆኑት ፖል ኤገርት ናቸው። ከየአገሩ ጋዜጣና አዋጅ እየላኩ የሚያርሙት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2011 አንድ የኮከብ ቆጠራ ሶፍትዌር ድርጅት «የድሮ ሰዓቶቹ ከእኔ አትላስ የተወሰዱ ናቸው» ብሎ ሁለቱን ሰዎች ከሰሰ፤ መዝገቡም ለጥቂት ቀናት ከነበረበት ኮምፒውተር ወረደ። ከዚያ የኢንተርኔትን ስሞችና ቁጥሮች የሚያስተባብረው አይካን ተረከበው። ክሱም በ2012 መጀመሪያ ተነሳ። ዓለም ሁሉ የሚደገፍበት ምሰሶ በጥቂት ሰዎች ትከሻ ላይ እንደነበር ያን ጊዜ ታወቀ።

«አገራችን ሰዓት አትቀይር፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል ይኖራል። ጎረቤቶቻችንን እንይ። ሱዳን እ.ኤ.አ. በጥር 2000 አጋማሽ ሰዓቷን አንድ ሰዓት ወደፊት ገፍታ ከእኛ ጋር አስተካከለች፤ ኖቬምበር 1 ቀን 2017 ደግሞ መለሰችው። ደቡብ ሱዳን በፌብሩዋሪ 2021 ተከተለቻት። እስቲ ካርቱም ይኖር የነበረ አንድ ቤተሰብ አስቡ፤ ሦስት ልጆች አሉት፤ በ1999፣ በ2010 እና በ2018 የተወለዱ። ሦስቱም በካርቱም ሰዓት ልክ በ12፡00 ቀትር ተወለዱ እንበል። በእኛ ሰዓት የመጀመሪያው ከቀኑ 7 ሰዓት፣ ሁለተኛዋ ከቀኑ 6 ሰዓት፣ ሦስተኛው እንደገና 7 ሰዓት ላይ ነው የተወለዱት። የዛሬውን ሕግ ብቻ የሚያውቅ ኮምፒውተር የመካከለኛዋን ልጅ ይሳሳትባታል። ያለፈ ሰዓት የሚነበበው በዘመኑ ሕግ ነው።

አሜሪካ አዋላጅ ክፍል የምትሠሩ ደግሞ ሌላውን ታውቃላችሁ። በኖቬምበር መጀመሪያ እሑድ ሌሊት፣ በእነሱ 2 ሰዓት ሲሆን ሰዓቱ ወደ 1 ይመለሳል። በዚያች ሌሊት 1:30 ሁለት ጊዜ ይመጣል። ከመንትዮች አንዱ 1:50 ላይ ተወልዶ፣ ታናሹ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ቢከተለው ታናሹ 1:10 ተብሎ ይጻፋል። በወረቀት ታናሽ ታላቅ ሆነ ማለት ነው። በዚያች ሌሊት ለታካሚ የተሰጠ መድኃኒትም «ሁለቴ ተሰጠ» ወይም «አልተሰጠም» ሊመስል ይችላል።

ቤይሩት የባሰ ነበር። እ.ኤ.አ. በማርች 2023 የሊባኖስ መንግሥት ሰዓት ሊቀየር ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ረመዳን ስለነበር፣ ለውጡ ለአንድ ወር ያህል ይቆይ አለ። የማሮናይት ቤተ ክርስቲያንና አንዳንድ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች አንቀበልም ብለው በተለመደው ቀን ቀየሩ። በአንድ ከተማ ሁለት ሰዓት ሆነ። እዚያ በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን «በማዳም ሰዓት ነው ወይስ በስልኬ?» የሚል ጥያቄ ገጠማቸው ማለት ነው። መንግሥት በቀናት ውስጥ ውሳኔውን ሻረው። የመዝገቡ ጠባቂዎች መጀመሪያ አዋጁን ተከትለው አረሙ፤ ወዲያው ደግሞ እርማቱን መልሰው አነሱ። የሆነውን የሚተርከውን ማስታወሻ ግን አልሰረዙትም። እዚያው አለ።

ይህን ሳነብ የውስጥ ደዌ መምህራችን ትዝ አሉኝ። «ቻርት ላይ የተሳሳታችሁትን አትፋቁ፤ በአንድ መስመር ሰርዙት፣ ከሥሩ ያለው ይነበብ፣ ፈርሙ፣ ቀኑን ጻፉ» ይሉን ነበር። መዝገብ የሚታመነው ስህተት ስለሌለው አይደለም፤ ስህተቱ መቼና ለምን እንደታረመ ስለሚታይ ነው።

እንግዲህ ወደ ራሳችን ልምጣ። የአዲስ አበባ መዝገብ ምን ይላል? ዋናው ፋይል ከ1970 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ሰዓታቸው አንድ የሆኑ ከተሞችን በአንድ ያጠቃልላል። ስለዚህ አዲስ አበባ፣ አስመራ፣ ጅቡቲና ሞቃዲሾ የናይሮቢ ተከታይ ሆነው ገብተዋል። ለዛሬ ምንም ችግር የለውም፤ ሁላችንም 3 ሰዓት ነን። ወደኋላ ሲኬድ ግን ነገር ይመጣል። ናይሮቢ በእንግሊዝ ዘመን ሰዓቷን ደጋግማ ቀይራለች፤ በ1941 የነበራት ልዩነት 2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ነው። እንግዲህ ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ወደ አዲስ አበባ የገቡበትን ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ያን ዕለት በአዲስ አበባ ስንት ሰዓት ነበር ብላችሁ ብዙውን ኮምፒውተር ብትጠይቁት፣ በናይሮቢ የቅኝ ግዛት ሰዓት ይመልስላችኋል።

ከ1970 በፊት ያለው የእኛ ዝርዝር በሌላ ተጓዳኝ ፋይል ተቀምጧል። እዚያ ደግሞ አዲስ አበባ እስከ 1870 በአካባቢዋ ሰዓት ትቆጥር ነበር ይላል። አዲስ አበባ እኮ የተቆረቆረችው በ1879 ዓ.ም.፣ በእነሱ 1886 ነው! ከተማዋ ሳትወለድ ሰዓት ተሰጣት። ቀጥሎ ልዩነቷ 2 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ሆነ ይልና፣ ወደ 3 ሰዓት የተሸጋገረችበትን ቀን ሜይ 5 ቀን 1936 ያደርገዋል። በእኛ ስንመልሰው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። የኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባ የገባበት ቀን።

የዚህ መረጃ ምንጭ ለኮከብ ቆጣሪዎች የተዘጋጀ አትላስ ነው፤ እንደ እኛ ዓውደ ነገሥት ገላጮች እነሱም የልደት ሰዓት ይፈልጋሉ። አትላሱ በ1870 እና በ1890 መካከል ኢትዮጵያ ስድስት የሰዓት ክልል ነበራት ይላል። ያ ዘመን ሰው ጥላውን በእግሩ እየለካ ሰዓት የሚያውቅበት ዘመን ነው። የመዝገቡ ጠባቂዎችም ሞኞች አይደሉም፤ እዚያው ጎን መረጃው የተሳሳተ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው ብለው ጽፈዋል። ሌላም አስተያየት አኑረዋል፦ ኢትዮጵያውያን ቀናቸውን ከንጋት ስለሚጀምሩ፣ በአማርኛ ሰዓት ስትጠይቁ ይህን አስታውሱ ይላል። ሳቅሁ፣ የአያትየው ቡና ትዝ አለኝ። የእኔን ስህተት አስቀድመው አውቀውልኛል።

ጥርጣሬያቸውን በግልጽ መጻፋቸውን አከብራለሁ። ግን ጥርጣሬው የሚጠፋው እነሱ ሎስ አንጀለስ ተቀምጠው አይደለም። ማስረጃው ያለው እዚህ ነው። ባቡር ያለ ሰዓት ሰሌዳ አይነዳም፤ ከጅቡቲ የተነሳው መስመር አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 (እ.ኤ.አ.) ነው። ብርሃንና ሰላም ጋዜጣ ከ1917 ዓ.ም. ጀምሮ ታትሟል። የቴሌግራም ደብተር፣ የሬዲዮ ፕሮግራም፣ የሚሲዮን ሆስፒታል መዝገብ፣ የአየር ጠባይ መለኪያ ማስታወሻ፤ እነዚህ ሁሉ ሰዓት ይጽፋሉ። እዚህ የታሪክ ክፍል መምህራን ተቀምጣችኋል፤ የኮምፒውተር ሳይንስም አላችሁ። አንድ የታሪክ ተማሪና አንድ የኮምፒውተር ተማሪ ተጣምረው ቢሠሩት ጥሩ የመመረቂያ ጽሑፍ ይወጣዋል። ውጤቱም መደርደሪያ ላይ አይቀርም፤ መዝገቡ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ በማስረጃ የተደገፈ እርማት በሚቀጥለው እትም ሊገባ ይችላል። የመጀመሪያውን ፎቶኮፒና የትራንስፖርት ወጪ እኔ እችላለሁ፤ በዚህ ሁሉ ምስክር ፊት ተናግሬያለሁ።

ለሐኪሞች ደግሞ የማሳስበው ትንሽ ነው። ነገ ዋርድ ስትገቡ ሪፈር ወረቀት ላይ ሰዓት ስትጽፉ «ከጠዋቱ» ወይም «ከሌሊቱ» በሉ፤ በኢትዮጵያ ወይም በፈረንጅ መሆኑን ጨምሩ። ሦስት ቃል ነው። ኮምፒውተር የምታስገቡ ከሆነ ሰዓቱ ከየት ከተማ እንደሆነ አብሮ ይመዝገብ። የተጠራጠራችሁትንም «እጠራጠራለሁ» ብላችሁ ጻፉ፤ ከእኛ በኋላ የሚመጣው ያመሰግነናል።

ያ ሕፃን አሁን ጎረምሳ ሆኗል። እናቱ «ስንት ሰዓት ነው የተወለድኩት?» ቢላት፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ ቡና ሲጠጣ እንደምትለው እርግጠኛ ነኝ። የእኛም መዝገብ እንደ እሷ ይሁን።

ምሳ ደርሷል መሰለኝ። 6 ሰዓት ተኩል ነው፤ በአዲስ አበባ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ በቀኑ።