ስለ ረጅም ጉዞ ቲኬትና ስለ ሰፊው መቀመጫ ዋጋ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ በወረኢሉ ከተማ የተደረገ ንግግር)




እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ለወረኢሉ ጉባኤ የማይስማማ ይመስል ይሆናል። ከዚህ ተነሥቶ በካቤና በጉጉፍቱ አድርጎ ደሴ ለመግባት የአውቶቡስ ወንበር ማግኘት በሚያሳስብበት አገር፣ በአይሮፕላን ውስጥ ቢዝነስ ክላስ ስለሚባለው ሰፊ መቀመጫ መናገር የቅንጦት ወሬ ነው የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን በወረኢሉም፣ በጃማም፣ በለጋምቦም፣ በመካነ ሰላምም ልጁ በሰው አገር የሚኖር ቤተሰብ ብዙ ነው። ልጅ ኑሮው በተደላደለ ጊዜ ከምኞቶቹ አንዱ እናቱን ወይም አባቱን ወስዶ ቤቱን ማሳየት ነው። ያን ጊዜ «እናቴ ጉልበቷን ያማታል፤ ያን ሁሉ ሰዓት ተጣጥፋ እንዴት ትቀመጣለች?» የሚል አሳብ ይነሣል፤ ከአሳቡም ጋር በብዙ ወራት ድካም የተጠራቀመ ገንዘብ በአንድ ቀን ይወጣል። በዚህ ጊዜ ምክር የሚጠየቀው ደብዳቤ የሚያነበውና ቅጽ የሚሞላው ሰው ነው፤ ይኸውም እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ነገሩ የእናንተም ጉዳይ ነው።

ላስረዳ የምፈልገው ቁም ነገር አንድ ነው። ሰፊው መቀመጫ ቁርጥ ዋጋ የለውም፤ የሚሸጠው ከመቀመጫው ይልቅ ጊዜና ነጻነት ነው። ቀኑን አስቀድሞ የቆረጠና አሳቡን የማይለውጥ መንገደኛ በብዙ ቅናሽ ያገኘዋል፤ በችኮላ የሚነሣና ቀን መለወጥ የሚሻ ደግሞ እጅግ ብዙ ይከፍልበታል።

ይህ ከተማ ለረጅም ጉዞ መሰናዳት ምን እንደሆነ ያውቃል። ዐፄ ምኒልክ በመስከረም 1888 ዓ.ም. የክተት ዐዋጅ ባስነገሩ ጊዜ የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ድረስ ወረኢሉ ላይ እንዲገናኛቸው ቀኑንና ስፍራውን አስቀድመው ቆርጠው ነበር። ወደ ዐድዋ የሚወስደው መንገድ ረጅም ስለ ነበረ ስንቅ የሚሰነቅበትና አጋሰስ የሚሰናዳበት ጊዜ ተለክቶ ተሰጠ። አባቶቻችን ያወቁበት ይህ ልማድ ለዛሬው የአየር መንገደኛም ይጠቅመዋል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ተመሥርቶ በመጋቢት 30 ቀን የመጀመሪያውን በረራ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። በዚያ ዘመንና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት የዓለም አቀፍ ጉዞ ዋጋ አየር መንገዶች በማኅበራቸው አማካይነት ተስማምተው የሚወስኑት ስለ ነበረ፣ ገዥው የሚመርጠው ብዙ አልነበረም። ከጊዜ በኋላ የቅናሽ ቲኬት እየበዛ ሲሄድ፣ ሙሉ ዋጋ የከፈለው ነጋዴ በቅናሽ ከገዛው አገር ጎብኝ ጎን እኩል ተጣቦ መቀመጡ ቅሬታ አስነሣ። እ.ኤ.አ. በ1978 እና በ1979 እንደ ፓን አሜሪካንና እንደ ካንታስ ያሉ አየር መንገዶች ሙሉ ዋጋ ለሚከፍለው መንገደኛ የተለየ ክፍል ከፈቱለት። ቢዝነስ ክላስ የተወለደው እንግዲህ በአንድ አይሮፕላን ውስጥ ዋጋው ልዩ ልዩ በመሆኑ ነው።

ይህ ልዩነት ዛሬ በሰፊው መቀመጫ ክፍል ውስጥም ገብቷል። ጎን ለጎን ከተቀመጡ ሁለት መንገደኞች አንዱ የሌላውን እጥፍ ከፍሎ ሊሆን ይችላል። አየር መንገዶች ያንኑ ክፍል ጄ፣ ሲ፣ ዲ፣ ዜድ በመሳሰሉ የላቲን ፊደላት ከፋፍለው ይሸጡታል። በአንደኛው ፊደል የተገዛ ቲኬት ቀኑ ሊለወጥ፣ ገንዘቡም ሊመለስ ይችላል፤ በሌላው የተገዛ ግን ዋጋው ዝቅ ያለ ሆኖ በብዙ ደንብ የታሰረ ነው። ርካሹ ጥቂት ስለሆነ ቀድሞ ያልቃል። ስለሆነም ወደ ቲኬት ቢሮ የሚሄድ ሰው «ቢዝነስ ክላስ ስንት ነው?» ብሎ ብቻ አይጠይቅ፤ «ዝቅተኛው ዋጋ የትኛው ነው? ደንቡስ ምንድር ነው? ቀን ብለውጥ ምን እቀጣለሁ?» ብሎ ይጠይቅ።

እንግዲህ ዋጋው ዝቅ የሚልባቸውን መንገዶች በአጭሩ ልዘርዝር።

የመጀመሪያው ጊዜ ነው። በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ለገናና ለጥምቀት፣ እንዲሁም የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች በሚዘጉበት በክረምቱ ወራት ወደ አገር ቤት ይጎርፋሉ። የመጡት በሚመለሱበት ሰሞን ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ የሚሄደው አይሮፕላን ይጣበባል፤ ዋጋውም ይወደዳል። እናቱን የሚያስመጣ ልጅ ከዚህ ሰሞን ውጭ ቀን ቢመርጥ፣ ከጉዞውም ብዙ ወራት አስቀድሞ ቢገዛ ይጠቀማል። ደርሶ መልስ ቲኬት ለየብቻ ከተገዙ ሁለት የአንድ አቅጣጫ ቲኬቶች ብዙ ጊዜ ይረክሳልና፣ የመመለሻውን ቀን አብሮ መቁረጥ ይገባል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው በዚህም ገበያ ይሠራል።

ሁለተኛው መንገዱ ነው። አየር መንገድ በቀጥታ ለሚያደርስበት ጉዞ ዋጋ ያስወድዳል፤ በራሱ ከተማ አሳልፎ ለሚወስደው መንገደኛ ግን፣ ከሌሎች ጋር ስለሚሻማበት፣ ዋጋ ይቀንሳል። በዱባይ፣ በኢስታንቡል ወይም በፍራንክፈርት በኩል የሚያደርሱ ቲኬቶች አንዳንድ ጊዜ ከቀጥታው ዋጋ ዝቅ ብለው የሚገኙት ከዚህ የተነሣ ነው። ሆኖም በሰው አገር አየር ማረፊያ አይሮፕላን መለወጥ ለአንድ አረጋዊ ድካም መሆኑን መዘንጋት አይገባም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ መንገደኛም በፍራንክፈርትና በሌሎች የሸንገን አገሮች አየር ማረፊያ ለማለፍ ብቻ እንኳ የመሸጋገሪያ ቪዛ ሊጠየቅ ይችላል፤ የጸና የአሜሪካ ወይም የካናዳ ቪዛ ያለው በደንቡ ከዚህ ነጻ ነው። ይህን ሳያጣራ ርካሹን የገዛ ሰው ከቦሌ ሊመለስ ይችላል።

«ቀጥታ» የሚለውንም ቃል መመርመር ያስፈልጋል። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለ በመሆኑ፣ አየሩ ስስ ነው፤ አይሮፕላን ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ ለመነሣት ይከብደዋል። ከዚህም የተነሣ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው በረራ በየጊዜው በልዩ ልዩ ከተሞች፣ ለምሳሌ በደብሊን ወይም በሎሜ፣ ሲያርፍ ኖሯል፤ ከዋሽንግተን ሲመለስ ግን ሳያርፍ ይመጣል። ስለዚህ የሄጃውና የመምጫው ድካም እኩል አይደለም። ገንዘቡ ለደርሶ መልስ የማይበቃ ከሆነ፣ ሰፊውን መቀመጫ ለአንዱ አቅጣጫ፣ ይልቁንም ለረጅሙና ለአድካሚው ብቻ መግዛት ይቻል እንደሆነ መጠየቅ ብልህነት ነው።

ሦስተኛው የማይል ነጥብ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሼባማይልስ የሚባል የደንበኞች መዝገብ አለው፤ በታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. ደግሞ ስታር አሊያንስ ወደሚባለው የአየር መንገዶች ኅብረት ገብቷል። በዚህ ኅብረት ውስጥ ባለ አየር መንገድ፣ ለምሳሌ በዩናይትድ ወይም በሉፍታንዛ፣ ነጥብ ያጠራቀመ ልጅ በነጥቡ ለእናቱ በኢትዮጵያ አይሮፕላን ላይ መቀመጫ ሊያገኝላት ይችላል። ለነጥብ የሚለቀቀው መቀመጫ ጥቂት ነውና እዚህም ላይ የቀደመ ያገኛል።

በአራተኛ ደረጃ፣ አንዳንድ አየር መንገዶች በጉዞው ዋዜማ ያልተሸጠውን ሰፊ መቀመጫ በጨረታ ወይም በቅናሽ ለኢኮኖሚ ክላስ መንገደኛ ያቀርባሉ። ይህ ዕድል ለጤነኛና ለወጣት መልካም ነው፤ መቀመጫው የግድ ለሚያስፈልገው ሕመምተኛ ግን የማይታመን ተስፋ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ዋጋውን በአመዛኙ የሚወስነው ጉዞው የሚጀመርበት ከተማ ነው። ከዋሽንግተን የሚጀምር ቲኬት ረክሶ ስለ ታየ ያንኑ ገዝቶ የመጀመሪያውን በረራ በመተው ከአዲስ አበባ ልነሣ የሚል ሰው፣ የመጀመሪያው በረራ ሲቀር ቀሪው ሁሉ እንደሚሰረዝበት ይወቅ። ብርን ከውጭ ምንዛሪ ጋር የሚያዛምደው አሠራር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተለወጠ ወዲህ የዓለም አቀፍ ቲኬት በብር ሲተመን ብዙ ጨምሯልና፣ በስሕተት የሚጠፋው ገንዘብም የዚያኑ ያህል ከብዷል። ደላላ «ቲኬቱ ተቆርጧል» ሲልም በወረቀቱ ላይ ባለ 13 አኃዝ የቲኬት ቁጥር መኖሩን ተመልከቱ፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቲኬት በ071 ይጀምራል። ስድስት ፊደልና ቁጥር ያለው የቦታ መያዣ ምልክት ብቻውን የተከፈለበት ቲኬት አይደለም። ቁጥሩን ይዞ አየር መንገዱን ራሱን መጠየቅ ከብዙ ልቅሶ ያድናል።

ክቡራትና ክቡራን፣

እስከ አሁን የተናገርሁት ሰፊውን መቀመጫ በርካሽ ስለ ማግኘት ነው። ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ ግን አለ፤ ይኸውም መንገደኛው በእርግጥ የሚያስፈልገው ምንድር ነው? የሚለው ነው። ብዙ ቤተሰብ ውዱን ቲኬት የሚገዛው እናት በአየር ማረፊያው ውስጥ ያን ሁሉ መንገድ መራመድ ስለማትችል ነው። ነገር ግን በተሽከርካሪ ወንበር የሚገፋ ረዳት ቀደም ብሎ ቢጠየቅ በኢኮኖሚ ክላስ ለሚሄድ መንገደኛም ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይሰጣል። ቋንቋ የማያውቅ ሰው ደግሞ የሚሻው ከወንበሩ ስፋት ይልቅ መንገድ የሚያሳየው ጓደኛ ነው፤ በአንዱ ሰፊ መቀመጫ ዋጋ ሁለት ሰው በኢኮኖሚ ክላስ አብሮ ሊሄድ የሚችልበት ጊዜ አለ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው የጥናት ውጤት፣ ከአራት ሰዓት በላይ ሳይንቀሳቀሱ ተቀምጦ መጓዝ በደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋትን አደጋ በእጥፍ ገደማ እንደሚጨምር ገልጿል። ይህም በአይሮፕላን ብቻ ሳይሆን በአውቶቡስና በባቡርም የሚደርስ ነው፤ የአደጋው ምክንያት አለመንቀሳቀስ ነውና ሰፊ መቀመጫ የገዛም ሰው ተነሥቶ ካልተራመደና እግሩን ካላፍታታ አይድንም። በሌላ በኩል ቀዶ ሕክምና የተደረገለት፣ እግሩን ማጠፍ የማይችል፣ ወይም ተጋድሞ መሄድ የሚገባው ሕመምተኛ ሲሆን፣ መቀመጫው ቅንጦት መሆኑ ይቀርና የሕክምናው አንድ ክፍል ይሆናል። ለእንዲህ ያለው ሰው ሐኪሙን ማማከር፣ መቀመጫው በዚያ አይሮፕላን ላይ እስከ መጨረሻው የሚዘረጋ መሆን አለመሆኑንም አስቀድሞ መጠየቅ ግዴታ ነው፤ ቢዝነስ ክላስ የሚባለው ሁሉ አልጋ አይሆንምና።

ስለዚህ የምክር ፈላጊ ዘመድ ወይም ጎረቤት ወደ እናንተ ሲመጣ ከዋጋው በፊት አራት ነገር ጠይቁት፤ የሚሄደው ማነው? ጤናውስ እንዴት ነው? መቼ ሊሄድና ሊመለስ ይችላል? ከቀኑ አንዱን ለመለወጥ ፈቃደኛ ነውን? የእነዚህን መልስ በወረቀት ጽፎ የያዘ ሰው በቲኬት መስኮት ፊት ቆሞ አይደናገጥም። የማኅበራችንም ጽሕፈት ቤት እነዚህን ጥያቄዎችና የቲኬቱን ቁጥር የማጣራት ዘዴ በአንድ ገጽ አሳትሞ በየወረዳው ላሉ አባሎቻችን ቢያድል፣ ወጪው ጥቂት፣ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው። ውሳኔ ከምታሳልፉባቸው ጉዳዮች አንዱ ይህ እንዲሆን አሳቤን አቀርባለሁ።