ከሺሕ አንድ ጊዜ የምትታይ ጥፋት



ጥፋት ሁሉ ዘወትር የሚታይ ቢሆን ኖሮ፥ መነሻውን ለማግኘት ብዙ ባልደከምን ነበር። እጅግ የሚያስቸግረው አንድ ጊዜ ብቅ ብሎ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ጊዜ የሚሠወረው ነው። ዛሬ የማወጋችሁም ስለዚህ ዓይነቱ ጥፋት ነው።

ኮምፒዩተር ሲነሣ ሥራውን የሚጀምር፥ የማኅደረ ትውስታውን ቦታና የስሌቱን ጊዜ ለየፕሮግራሙ የሚያከፋፍል ክፍል አለ፤ እርሱም የስርዓተ ክወናው ከርነል ይባላል። ሊኑክስ የተባለውን ከርነል በሄልሲንኪ ተማሪ የነበረው ሊነስ ቶርቫልድስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1991 ጀመረው። ዛሬ ብዙ ሺሕ ሰዎች ይጽፉታል፤ በየዘጠኝና በየዐሥር ሳምንቱ በሚወጣው እትም ከ10,000 የሚበልጡ ለውጦች ይገቡበታል። ከእነዚህ አንዲቱ ብቻ ብትሳሳት፥ ትናንት በደኅና ይነሣ የነበረው ኮምፒዩተር ዛሬ በመነሣት ላይ ሳለ ደርቆ ይቀራል።

ጥፋቱን ለመፈለግ እውነተኛውን መሣሪያ ደጋግሞ መክፈትና መዝጋት አድካሚ ነው። ስለዚህ ባለሙያዎች ኢሙሌተር በሚባል፥ ኮምፒዩተርን መስሎ በሚሠራ ፕሮግራም ይጠቀማሉ። ፋብሪስ ቤላርድ የተባለው ፈረንሳዊ በ2003 ያወጣው ኪውኢሙ የዚህ ዓይነት ነው። በእርሱ ውስጥ ከርነሉን ማስነሣት፥ የተናገረውን መመዝገብና ማጥፋት፥ እንደ ገናም ማስነሣት ያለ ሰው እጅ ይፈጸማል።

ለውጦቹን የሚመዘግበው ጊት የተባለው ፕሮግራም ደግሞ፥ ደኅና በነበረው እትምና በተበላሸው መካከል ያለውን ከእኩሌታው እየከፈለ ያስፈትናል። እኩሌታው ደኅና ከሆነ ጥፋቱ በቀረው ውስጥ ነው። በዚህ መንገድ 16,384 ለውጦች በ14 ፈተና ወደ አንዲት ይወርዳሉ።

ይህ ሁሉ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ጥፋቱ ከሺሕ አንድ ጊዜ ብቻ የሚታይ እንደ ሆነስ? ጥፋቱ በውስጡ ያለበትን ከርነል ሺሕ ጊዜ ብናስነሣው፥ አንድም ጊዜ ሳይታይ የማምለጡ ዕድል ከመቶ 37 ያህል ነው። 10,000 ጊዜ ብናስነሣው ግን ይህ ዕድል ከ20,000 አንድ እንኳ አይሞላም። እንግዲህ ጥፋተኛ ለማለት አንድ ጊዜ ማየት ሲበቃ፥ ንጹሕ ለማለት እልፍ ጊዜ መፈተን ያስፈልጋል። ከዐሥራ አራቱ በአንዱ ቸኩለን "ደኅና ነው" ብንል፥ በዳዩን ከኋላችን ትተን በንጹሑ ላይ እንፈርዳለን። ቀድሞ በአገራችን ሌባ ሲጠፋ ሰዎች አውጫጭኝ ተቀምጠው ይመረመሩ ነበር፤ በዚያም ቢሆን "አላየሁም" ማለት "አልተሠረቀም" ማለት አልነበረም።

በ2023 የሊኑክስ 6.4 እትም በሚዘጋጅበት ወራት እንዲህ ያለ ጥፋት ታየ፤ በኪውኢሙ ውስጥ የሚነሣው ከርነል ከሺሕ አንድ ጊዜ ያህል ይደርቅ ነበር። አንድ የሶፍትዌር ባለሙያ ነገሩን በቸልታ አላለፈውም፤ መነሻውን እስኪያገኝ ድረስ ከርነሉን 292,612 ጊዜ አስነሣው። ፍለጋውም የከርነሉን የሰዓት አቆጣጠር ወደሚነካ አንድ አነስተኛ ለውጥ አደረሰው።

ሆኖም ፍለጋው የሚያመለክተው ጥፋቱ መታየት የጀመረበትን ስፍራ ነው፤ ሥሩ ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የተጠረጠረውን ለውጥ አውጥቶ እንደ ገና ብዙ ጊዜ መፈተን፥ ከዚያም ምክንያቱን መመርመር ግዴታ ነው።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። እናንተም አንባብያን ሆይ፥ በየሥራችሁ "ጥፋት አላገኘሁም" ብላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት፥ "ስንት ጊዜ ፈለግሁ?" ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ።