ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒንና አብረውት ስለሚዋጡ መድኃኒቶች
(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ በጸሐፊዋ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ወንዶችንም ይመለከታልና «የሴት ወሬ ነው» ብላችሁ እንዳትወጡ አደራ እላለሁ።

አንዲት ጎረቤታችን የሳንባ ነቀርሳ ይዟት ሕክምና ጀመረች። የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒንም ትወስድ ነበር። «እትዬ፣ ሁለቱን አብሬ ብውጥ ችግር አለው?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም «ምን ይሆናል፣ ዋጪው» አልኳት። አንድ ቀን ሳታጓድል እየዋጠች አረገዘች። ባሏ «መዋጥ ትተሽ ነው፣ ዋሽተሽኛል» ብሎ ትዳራቸው ሊፈርስ ነበር። ጥፋቱ የእሷ አልነበረም፤ ሳላውቅ የመለስኩት የእኔ ነው። ከዚያ ወዲህ የጤና ባለሙያ ጠይቄ የተረዳሁትን ልንገራችሁ።

ሽንት የሚያቀላው የነቀርሳ መድኃኒት ሪፋምፒሲን ይባላል። ይህ መድኃኒት ጉበትን ከወትሮው በላይ ያሠራዋል። ጉበትም የወሊድ መቆጣጠሪያውን ኪኒን ሥራውን ሳይሠራ ቶሎ ያስወግደዋል። ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዘፒንም እንዲሁ ያደርጋሉ። በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረውም ከዚህ አያመልጥም። በየ3 ወሩ የሚሰጠው መርፌና በማኅፀን የሚቀመጠው ሉፕ ግን ኃይላቸው አይቀንስም።

በሌላ በኩል አሞክሳሲሊንና ዶክሲሳይክሊን ኪኒኑን አያከሽፉም። ሆኖም ኪኒኑን ከዋጠች በኋላ 3 ሰዓት ሳይሞላ ያስመለሳት ሌላ ትዋጥ።

አደራ፣ ይህን ሰምታችሁ የነቀርሳውን ወይም የሚጥል በሽታውን መድኃኒት እንዳታቋርጡ! የነቀርሳ ሕክምና አብዛኛውን ጊዜ 6 ወር ነው። ያቋረጠ ሰው በሽታው መድኃኒት የማይበግረው ሆኖ ሊመለስበት ይችላል፤ ለቤተሰቡም ይተርፋል። የሚለወጠው የወሊድ መቆጣጠሪያው ነው። ሕክምናው ካለቀ በኋላም 4 ሳምንት ጥንቃቄው ይቀጥላል።

ስለሆነም ጤና ጣቢያ ስትሄዱ የምትውጡትን ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ አሳዩ። ባይጠይቋችሁም እናንተ ተናገሩ። ሰው ፊት የምታፍር ካለች ለብቻዋ ትንገር። ባሎችም ከመቆጣታችሁ በፊት ስለ መድኃኒቱ ጠይቁ። እኔን ግን አትጠይቁኝ፤ እኔ ጸሐፊ እንጂ ሐኪም አይደለሁም።