የሽንኩርት ጆንያና የኮምፒዩተር ፕሮግራም
(በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በዓመቱ አጋማሽ ዕረፍት ወደ ሸዋ ሮቢት ወርደን ነበር። የይፋት ቆላ በመስኖ የሚያለማው ሽንኩርት በጆንያ ተሞልቶ በደሴ መንገድ ዳር መኪና ሲጠብቅ አየን። ባለሚዛኑ ጆንያዎቹን ከቀላል እስከ ከባድ ሲደረድር፣ ቀጥሎ የሚያነሣውን የሚመርጠው ፊት የመዘነውን አይቶ ነው። እኛ ግን አንድ ጥያቄ ይዘን ተመለስን፤ ዕቃው ሳይታይ፣ የትኛው ከየትኛው እንደሚነጻጸር አስቀድሞ ተጽፎ ሊያልቅ ይችላልን?

ይቻላል። አራት ቦታዎችን 1፣ 2፣ 3፣ 4 እንበል፤ ሁለት ጆንያ በተነጻጸረ ቁጥር ቀላሉ በትንሹ ቁጥር ቦታ ይቀመጥ። መጀመሪያ 1 ከ2፣ 3 ከ4፤ ቀጥሎ 1 ከ3፣ 2 ከ4፤ በመጨረሻ 2 ከ3። አምስት ንጽጽር ነው፤ ሁለት ሚዛን ካለ ግን በሦስት ዙር ያልቃል። ትእዛዙ ስለማይለወጥ ብዙ እጅ በአንድ ጊዜ ይሠራል፤ ጥቅሙም ይኸው ነው።

አሜሪካዊው ኬኔት ባቸር በ1968 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ዘዴ፣ ይህን ዝርዝር ራሱ የሚጽፍ ፕሮግራም ሠራን። ሁለቱን ግማሾች ለየብቻ ይደረድራል፤ ከዚያም ጎዶሎ ተራዎቹን (1፣ 3፣ 5) ለብቻ፣ ሙሉ ተራዎቹን (2፣ 4፣ 6) ለብቻ አዋሕዶ ጎረቤታሞቹን ያስተካክላል። ለ8 ቦታ 19፣ ለ16 ቦታ 63 ንጽጽር ይጽፋል።

ጥፋታችንን ግን አንደብቅም። የመጀመሪያው ፕሮግራማችን ለአራት ቦታ የመጨረሻውን ንጽጽር ዘሎ ነበር። 40፣ 20፣ 80፣ 60 ኪሎ ብንሰጠው በትክክል ስለ ደረደረ፣ በክፍል ፊት «ተሠራ» አልን። በማግስቱ አንድ ጓደኛችን 20፣ 60፣ 40፣ 80 ቢሰጠው 60ው ከ40ው ፊት ቆመ። አፈርን።

ታዲያ እንዴት እንመን? የ16 ዕቃ አሰላለፍ ከ20 ሚሊዮን ሚሊዮን ይበልጣል፤ ሁሉን መሞከር አድካሚ ነው። ደግነቱ የተረጋገጠ ሕግ አለ፤ 0 እና 1 ብቻ ያሉባቸውን ሰልፎች ሁሉ በትክክል የደረደረ ዝርዝር፣ ማናቸውንም ቁጥር ይደረድራል። ስለዚህ ለ16 ቦታ 65,536 ሙከራ፣ ለ4 ቦታ 16 ሙከራ ይበቃል። ስሕተተኛው ፕሮግራማችን ከ16ቱ በ4ቱ ወደቀ፤ የታረመው ሁሉንም አለፈ።

63ም ቢሆን ትንሹ ቁጥር አይደለም፤ 16 ቦታ በ60 ንጽጽር የሚደረድር ዝርዝር ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይታወቃል። የሚበረታ ይሞክረው።

ጓደኞች ሆይ፤ ሽንኩርት ሻጩ ሚዛኑን በዓይኑ ሳያይ ገንዘብ አይቀበልም። እኛም «ተሠራ» ከማለታችን በፊት ሥራችንን በዚያው ዓይን እንመልከት።